የኋላው ቀበቶ

በመልካ ጀብዱ መውጫ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣
ሁለት መኪና ጫኞች፣ ከቆምን ዘጠኝ ቀን፣ ጎማችን ሲያርር፤
እኔና ዋበሪ፣ አንድ ሻይ ለሁለት፣
ስኳሩ ሳይሟሟ ስንቱን ቀን አማሰልንበት።

ድሮ (ሩቅ አይደለም፣ ትንሿ ልጄ ጥርስ ስታበቅል)
ደላላ አንድ ነበር፤ ሽማግሌ፣ ደብተሩን የሚጠቀልል በፌስታል፤
ተራ ጠሪ በእርሳስ፣
ዋጋ የማይጨምር፣ ዋጋ የማይቀንስ፦
«አርባ ሺህ ነው በአንዷ፣ ስድስት ነው ጭነቱ፣
የሻዬን ለኔ ተው፣ ቀሪው ለባለቤቱ።»

ዛሬ ደላላው በዛ፣ ከጫኙ በለጠ፤
አንዱ ለሌላው ሸጠኝ፣ ሌላው ላንዱ ሸጠ።
ገንዘቡ በረዶ ነው፣ ከመጋላ ገዝተው በቀትር የሚያዞሩት፤
ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ፣
እርጥብ ፌስታል ብቻ ነው ያገኘሁት።

ስልኬ ጮኸ። ሻፊ ነው።
«ስድስት አዳዲስ አሉ፣ የወንበራቸው ላስቲክ ገና ያልተላጠ፤
ሠላሳ ብዬህ ነበር፤ ምን ላርግ፣ ዋበሪ
ደውሎ በሃያ ስምንት ቆረጠ።»

ቀና አልኩ። ዋበሪ
ከፊቴ ተቀምጧል፤
ማንኪያው በእጁ፣ ስልኩ በኪሱ፣
በሙሉ አፉ ሳምቡሳ ያኝካል።
«ቆይ» ብዬ ዘጋሁት።
ሳምቡሳው ሳይዋጥ የሱም ስልክ ጮኸ፤
ድምፁን ከፍ አድርጎ ከስኳሩ ጎን አኖረው፦
«አብሽር ወንድሜ! ያ ጓደኛህ የለም?
ሃያ ስድስት ብሏል፤ ካልፈጠንክ ሊወስደው ነው።»

ሳቅን። መጀመሪያ ሳቅን፣ ዓይናችን እስኪያለቅስ፤
ከዚያ ሳቁ አለቀና
ሒሳብ ጀመርን፣ ሁለታችንም፣ በየራስ።
ናፍጣው። ኬላው። የረዳት አበል።
የባንኩ ወርሃዊ፣ ሽቦው የወጣ ጎማ፣
የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ።
ሃያ አምስት ቢሆንስ? አልኩ በሆዴ።
እግዜር ያውቃል፣ በሱም ዓይን ውስጥ
ሃያ አምስት አየሁ።

በመጨረሻ ዋበሪ ስልኩን በፊቱ ደፋ፤
የኔንም ደፋሁት።
«አቦ፣ ዛሬ ማንም አይሄድም» አለ።
«አይሄድም» አልኩት።
ስልኮቹ ተደፍተው እየተንቀጠቀጡ፣
ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ፈቀቅ ፈቀቅ እያሉ መጡ።
ከዚያ ዝም አሉ።
ዝምታው ከጥሪው ይበልጥ አስፈራን።

በሦስተኛው ምሽት፣ ነፋሱ ከደወሌ አቧራ ሲያመጣ፣
ስድስቱ መጡ፤ በሁለት ፎቅ፣ ነጭ በነጭ፣
አንዲት ኪሎሜትር በእግራቸው ያልረገጡ፣
እንደ ሙሽራ ተሸክመዋቸው።
«በስንት?»
«በአሥራ ዘጠኝ» አለ ጎሚስታው።

መሪውን የያዘው ምንተስኖት ነው፤
አራት ዓመት ሙሉ ረዳቴ የነበረ፣
ብረት ላይ መውጣቱን፣ ቀበቶ ማጥበቁን ከእጄ የተማረ።
ዓይኑ ፍም መስሏል፤
ሁለት ሌሊት ያልተኛ ዓይን አውቃለሁ።
ጥሩምባ ሊነፋ እጁን ሰደደና
አፍሮ መለሰው።

«ይበለው» አለ ዋበሪ፣ ምራቁን ተፍቶ።
እኔም ልል ነበር።
ግን የመጨረሻዋ፣ የታችኛዋ፣
ቀበቶዋ ላልቶ ይወዛወዛል፤
ከፊቱ ደግሞ ደንገጎ አለ፣ ያ ጠመዝማዛ፣
አንድ ጉብታ ይበቃታል።

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜ፣ በነጠላ ጫማ፣
«ምንተስኖት! የኋላው ቀበቶ!» እያልኩ፣
እንጀራዬን ከቆረሰብኝ መኪና ኋላ።
ቀይ መብራቱ በራ። ቆመ።
ሳይወርድ ወጣሁ፤ ብረቱ የቀኑን ፀሐይ ገና አልለቀቀም።
ሦስቴ ጠመዘዝኩት፤ እጄ ሥራውን አልረሳም።
ቀና ስል ዋበሪ በወዲያኛው ጎን፣
አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ይጎትታል።

«ስንት ልክፈላችሁ?» አለ ልጁ፣ መሬት መሬት እያየ።
«ሂድ» አልኩት።
«ኩርባው ላይ ማርሽ ቀንስ፤
ዋጋ አትቀንስ።»

ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።
ከኒሙ ሥር፣ ከባዶው ብርጭቆ ጎን፣
የማንኛችን እንደሆነ ያልለየነው ስልክ
ይንቀጠቀጥ ነበር።